«ችግሩ ከዓይን ነው» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1976

የልጅ ዓይን ገጹ ላይ ተተክሎ ልቡ የት ነው የሚሄደው? ያስተማረም የወለደም ይህን ሳይጠይቅ የቀረ አይመስለኝም። ዛሬ እኔም ጠየቅኩ።

አስካለ። ሦስተኛ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ ዴስክ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር ተጣብቃ የምትቀመጠው። አንዷን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበች። ለአራተኛ ልትጀምር ስትል «ቀጥዪ እንጂ!» አልኳት። «የቱን ቲቸር?» አለች። ክፍሉ ፈረሰ። ዘጠና ሁለት ልጅ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲስቅ በረዶ የጣለ ነው የሚመስለው።

«ልብ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። ልቧን እንዳይሸሽ የያዘችው ትመስል ነበር። መሳቅ አቃተኝ። ስለጮህኩም አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ። ጓድ ዳይሬክተሩ አሳጥረው ነው የተናገሩት፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል። አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ደግሞ አሁንም የማያነብ ተማሪ ካለ፣ ስሙ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተጽፎ ይቅረብ፤ በሰኔ ፈተና አይቀመጥም፣ ከመዝገብ ይሰረዛል። ወንበር የሚጠብቅ ልጅ በር ላይ ሞልቷል።

አስካለ ሦስተኛ ክፍል ስትቀመጥ ይህ ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

ጋሽ ተፈራ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። እኔ ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። «ልጅ ሙሉጌታ፣ ፊትህን አታጥቁር። አንዳንዱ ለቀለም አልተፈጠረም። እንዲህ ያለውን ስንቱን ሸኝቻለሁ» አሉኝ። ስንቱን? ብዬ ልጠይቅ ነበር። ተውኩት። እግሬ የኔ አልመስል ብሎኛል፤ ከጠዋቱም ከከሰዓቱም ፈረቃ ቆሜ ነው የዋልኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ማሠልጠኛ ሳለን አንድ አስተማሪያችን ያሳየን ነገር ሌሊቱን ትዝ አለኝ። የሚያነብ ሰው ዓይን መስመሩ ላይ አይንሸራተትም፤ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ይዘላል፣ ያርፋል ብሎን ነበር። ለማየት መስታወት ይበቃል። የጢም መላጫዬን መስታወት በኪሴ ይዤ ሄድኩ።

በዕረፍት ሰዓት መጀመሪያ ኃይሉን አስቀመጥኩት፤ የክፍሉ አንደኛ ነው። መስታወቱን በግራው ገጽ ላይ አጋድሜ፣ ቀኙን እያነበበ፣ ከትከሻው በላይ ሆኜ ዓይኑን በመስታወቱ አየሁ። እውነት ነው! ልክ እንደ ወፍ። ቅርንጫፍ ላይ ቂብ ይላል፣ ይነሳል፣ ቂብ ይላል። በአንድ መስመር አምስት ስድስት ማረፊያ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ቀጥሎ አስካለ። ዘለለች፣ አረፈች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ሁለት መስመር ወደ ታች ወረደች፣ መስታወቱ ላይ መጣችና አየችኝ፣ ሳቀች፣ በዓይኗ በመስኮቱ ወጥታ ሄደች። አፏ ግን ማንበቡን አላቋረጠም።

«ምን አነበብሽ?»

«እንጃ ቲቸር።»

«ውጪስ ምን አየሽ?»

«አሥራ አንድ አሞራ። አንዱ ጅራቱ ጎዶሎ ነው።»

ወጥቼ ቀና አልኩ። ከቆሻሻው ክምር፣ ከቆሼ በኩል ይዞራሉ። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ጅራተ ጎዶሎውም አለ።

እንግዲህ ዓይኗ ያያል፤ ያየውንም ትይዛለች። ታዲያ ገጹ ላይ ሲደርስ ምን ይነካዋል? አስተማሪያችን እንዲህ ላሉት ልጆች ውጭ አገር ስም አውጥተውላቸዋል ብሎን ነበር። ስሙን አልያዝኩትም። የዚያን ቀን እኔም በመስኮት ሳይ ነበር መሰለኝ።

ማታ ስንወጣ ጋሽ ተፈራ፦ «መስታወት ይዘህ ዓይን ታያለህ አሉ። ጥንቆላ ጀመርክ? በል ለኔም እይልኝ፤ ጡረታዬ መቼ ነው?»

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

አስካለን ከመምህራን ክፍል ሦስት ነገር እንድታመጣልኝ ላክኋት፤ ጠመኔ፣ ዳስተር፣ ስም መጥሪያ። እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች መጣች። ጠመኔ ብቻ። «ሌላውስ?» ስላት ጣሪያ ጣሪያ አየች። ከሰዓት እንደገና ሞከርኩ፤ አንዱን ስታመጣ ሌላውን፣ እሱን ስታመጣ ሦስተኛውን ነገርኳት። አንዱንም አልሳተችም።

ይህን ጻፍ፣ ሙሉጌታ፤ አንድ አንድ ሲሆን ይይዝላታል። ሲከመር ይበተናል።

ደስ ብሎኝ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከሥራዎቼ ሁሉ ያማረ ይመስለኛል፤ እዚህም ገልብጬዋለሁ፦

«ይድረስ ለወይዘሮ ብርቄ። የልጅዎ የአስካለ ችግር ስንፍና አይደለም። ችግሩ ከዓይን ነው። ሳይውል ሳያድር መላ ሊፈለግለት ስለሚገባ ቀርበው እንዲያነጋግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ፊርማዬን ሁለት ጊዜ ተለማምጄ ነው ያሳረፍኩት። አስካለ ቦርሳ የላትም፤ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

አስካለ ቀረች። እናትየውም አልመጡም። ሥራ ይዟቸው ይሆናል። የጥራጥሬ መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ናቸው አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ጠጠርና እንክርዳድ መለየት።

የሂሳብ ደብተር አርሜ አልጨረስኩም። ገና አርባ ይቀራል።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ዛሬም የለችም። ነፋሱ ከቆሼ ስለነፈሰ መስኮቱን ዘጋን፣ ክፍሉ ጨለመ፣ ዝናቡ ጣለ፣ ድምፄ ተዘጋ። ስም ስጠራ «አስካለ» ስል «የለችም!» ያሉት አምስት ልጆች ናቸው። ደስ ያላቸው ይመስላሉ፤ ዴስኩ ሰፋላቸው።

የዛሬ ሳምንት ዝርዝር ማስረከቢያ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 12

ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ። ተቀምጬ ተኛሁ፤ ሲጨበጨብ ነቅቼ አጨበጨብኩ።

ከዚያ የአስካለን ቤት ፍለጋ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ታጥፎ በኮረኮንቹ ቁልቁል፣ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀኝ። ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤታቸው ልብስ ያሰጣሉ።

«ብርቄን ነው? ከልጅቷ ጋር ጸበል ገብታለች። ሰባት ቀን ነው።»

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«ዓይን ነው፣ ልጄ! የሰው ዓይን! እኛ ቅብዝብዝ ናት ስንል ለካ ተበልታ ኖሯል። አስተማሪዋ ነው ያወቀባት። ወጣት ነው አሉ፣ ግን አዋቂ ነው። መስታወት አለው፤ በመስታወት አይቶ ነው የለየው።»

«ማን ነገራችሁ?» አልኩ።

«ማን ይነግረናል? ደብዳቤ ጻፈላት እንጂ! ብርቄ መሠረተ ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ የመጣላት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ለማንም አልሰጥም ብላ እዚህ ደጃፍ ቆማ ራሷ አነበበችው፤ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ። ‹ች…ግ…ሩ… ከዓ…ይን… ነው› ስትል ቆመን የነበርነው ሁሉ አማተብን።» ከዚያ አየት አደረጉኝ። «አንተ ማን ነህ?»

«የ… ትምህርት ቤት ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ለዚያ አስተማሪ ንገርልኝ። የኔም ልጅ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፤ ያይልኝ።»

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ዓይን ነው ብያለሁ። ሳይውል ሳያድር ብያለሁ። እኔም እናቷን ብሆን ጸበል ነበር የምወስዳት።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ለጋሽ ተፈራ ተናዘዝኩ። ደብዳቤውን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ እንባቸውን በመሃረብ እየጠረጉ ሳቁ። «አይ ልጅ ሙሉጌታ! ማሠልጠኛው ዓይን አስተማረህ፤ አማርኛ ግን አስረሳህ።»

ከዚያ ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልሉ ቆዩ።

«ነገ ሂድ። ያንተንም ክፍል እይዛለሁ።»

«የርስዎ ዘጠና፣ የኔ ዘጠና ሁለት?»

«ሜዳ ላይ አወጣቸዋለሁ። ድምፄ ገና አልደከመም። ሂድ አልኩህ።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14

አውቶቡስ፣ ሰልፍ፣ ሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገት። ጸበሉ ባሕር ዛፍ መሐል ነው። ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ይጮኻል፣ ብዙው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ብርቄ ከሩቅ ለዩኝ። አይተውኝ አያውቁም፤ አስካለ ጠቁማቸው ነው። እየሮጡ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መምህር! እርስዎ እዚህ ድረስ? እያሻላት ነው! ትናንት አንዴም አልተወራጨችም።»

መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ወይዘሮ ብርቄ… የሰው ዓይን ማለቴ አልነበረም። የራሷን ዓይን ማለቴ ነው።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ናት እንዴ ቡዳዋ?»

«የለም! የለም እንጂ!» ጮህኩ መሰለኝ፤ ሰው ዞሮ አየን።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሌሎች ልጆች ሲያነቡ ዓይናቸው መስመሩን ይዞ እንደሚዘልና እንደሚያርፍ፣ የእሷ ግን ማረፊያ አጥቶ ገጹ ላይ እንደሚባዝን፤ ስንፍና እንዳልሆነ፤ እንዳልደነቆረችም። አሞራዎቹንም ነገርኳቸው። አሞራዎቹ ላይ ፈገግ አሉ።

«ታዲያ እንደዚህ ብለው አይጽፉልኝም?»

«አጠፋሁ።»

«የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነበር» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «መጋዘን ፈቃድ ለምኜ ነው የመጣሁት። አለቃውን ‹አስተማሪው ጽፎልኛል› ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት።»

መሬት መሬት አየሁ።

ቀና ስል አስካለን አየኋት። ጥላ ሥር ተቀምጣ ለጸበልተኛው ምሳ የሚሆን ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ከጎኗ ሰው ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ቄሱ ያልፋሉ። ቀና አላለችም። አንዴም! እኔ ያቺን ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ለአንዲት መስመር ያህል ዓይኗ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

«እንዴት ነው ይህን የምትችለው?» አልኳቸው።

«ምስሩን ነው? አንዲት ጠጠር አታመልጣትም። ከትንሽነቷ ነው ያስለመድኳት።» በጣታቸው አየር ላይ ያሳዩኝ ጀመር። «ክምሩን ካዩ ዓይን ይፈዛል፤ መጋዘን የገባ አዲስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ክምሩን አይዩት። እፍኝ ይለዩና ወደ ራስዎ ይሳቡ። ሌላውን በክንድዎ ይከልሉት። ያቺ እፍኝ ስታልቅ ሌላ እፍኝ። ይኸው ነው ሥራችን።»

ሰፌዱን እንደገና አየሁ። ልክ ነው። ግራ ክንዷ ክምሩን ከልሏል፤ ፊቷ ያለው አንዲት እፍኝ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ክምር ነው የሰጠኋት።

ዛሬውኑ እንዲወርዱ ለመንኳቸው፤ ዓርብ ስሟ እንደሚሰረዝም ነገርኳቸው። ደነገጡ፤ ግን አልወርድም አሉ። «ሰባቱን ሳልሞላ አልወርድም፣ መምህር። የርስዎም አይቅር፣ የእግዜሩም አይቅር። ነገ ይሞላል። ሐሙስ ጠዋት ክፍልዎ ናት።» አልተከራከርኩም። በምን አፌ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 15

የጫማ ካርቶን፣ ምላጭ፣ ማስመሪያ። መሐሉን በአንድ መስመር ልክ ቀደድኩት። ሲጭኑበት ገጹ ሁሉ ይከለልና አንዲት መስመር ብቻ ትታያለች። ጣቴን ቆርጬያለሁ፤ ጽሕፈቴም አንካሳ ሆኗል።

በዕረፍት ሰዓት በሌሎች ደካማ አንባቢዎች ሞከርኩት። ከሰባቱ ለአራቱ ጠቀመ። ሁለቱ ላይ ምንም ለውጥ የለም። አንዱ ካርቶኑን ዓይኑ ላይ አድርጎ ታንከኛ ሆነ።

ጋሽ ተፈራ ነጥቀው ጋዜጣቸው ላይ ጫኑት። ረጅም ሰዓት አነበቡ። «ለአሮጌ ዓይንም ይሆናል» አሉ። ማታ ስንወጣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ሲቆጥሩ አየኋቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 16

መጣች! ከደወሉ በፊት። አንገቷ ላይ አዲስ ክር።

ካርቶኑን ሰጠኋት። «ይህች እፍኝሽ ናት። ስታልቅ ወደ ታች ትስቢያለሽ» አልኳት። ገባት። ከኔ ይልቅ ገባት።

በመስታወቱ አየኋት። ዘለለች፣ አረፈች። ዘለለች፣ አረፈች። ተመለሰች፤ ግን ያው መስመር ላይ። አንድ መስመር፣ ሁለት፣ አምስት። ስድስተኛው ላይ ዓይኗ በመስኮት ወጣ። «ልብ በይ» ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጥኩት። አሞራዎቿን ጎበኘችና ተመለሰች፤ ካርቶኑ የተወችበት ቦታ ላይ ጠበቃት። ቀጠለች።

ከዘጋች በኋላ «ምን አነበብሽ?» አልኳት። ከሞላ ጎደል ነገረችኝ። መጨረሻውን ረስታዋለች፤ ከራሷ ጨመረችበት። የጨመረችው ይሻላል።

ተአምር አልተደረገም። ዘጠኝ መስመር ነው። ኃይሉ በዚያ ሰዓት ሦስት ገጽ ይጨርሳል። ግን ዘጠኝ መስመር!

ዓርብ፣ ግንቦት 17

ዝርዝሬን ባዶ አስረከብኩ። ከሰዓት ጓድ ዳይሬክተሩ ክፍሌ መጡ።

«ጓድ ሙሉጌታ፣ ወረቀትህ ላይ ስም የለም።»

«የለም፣ ጓድ ዳይሬክተር።»

«አስካለስ?»

«ታንብብልዎት።»

ያን ሰኞ የሳቁት ዛሬ አልሳቁም። ካርቶኑን ጭና አራት መስመር አነበበች፤ እየተንገዳገደች፣ ግን አነበበች። ዳይሬክተሩ ካርቶኑን አነሱ፣ ገለበጡት፣ ብርሃን ላይ አዩት።

«በፈተና ቀን ዴስክ ላይ ከእርሳስና ከላጲስ በቀር ምንም አይቀመጥም። ደንብ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም» አሉና ኪሳቸው ከተቱት።

ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለዚህ ነው? አስካለ ኪሳቸውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የግራ ክንዷን ገጹ ላይ አጋድማ ከላይ ያለውን ከለለች፤ ቀኝ መዳፏን ከታች አስተኛች። መሐል አንዲት መስመር ቀረች። ልክ እንደ ምስሩ። ቀስ ብላ፣ ከቅድሙም ቀስ ብላ፣ አነበበች። ሲያልቅ ሁለቱንም እጆቿን አንድ መስመር ወደ ታች ሳበች።

«እጅስ ይፈቀዳል፣ ጓድ ዳይሬክተር?» አልኩ።

እጆቿን አዩ። «እጅማ ምን ይከለከላል» አሉ በመጨረሻ። «ትፈተን። ከወደቀች ግን እኔም አንተም የምንለው የለንም።» ወጡ። ካርቶኑን አልመለሱልኝም። ቤታቸው ከሷ እኩያ የሆነ ልጅ አላቸው ይባላል።

ሰኔ ሩቅ አይደለም። ትለፍ አትለፍ አላውቅም። ደክሞኛል፤ ግን ዛሬ የደከመኝ ሌላ ዓይነት ነው።

ለወይዘሮ ብርቄ አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሽ ተፈራ አርመውልኛል፤ «ዓይን የምትለውን ቃል እንዳላይ!» ብለው። እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ብርቄ፣ አስካለ ዛሬ ዳይሬክተሩ ፊት አነበበች። እፍኝ እፍኝ አድርጋ ነው። ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ይህን ደብዳቤ ደጃፍዎ ላይ ቆመው ጮክ ብለው ያንብቡት።»

እንግዲህ ጋሽ ተፈራ፣ ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ነው። ይህን ደብተር ለማንም አሳይቼ አላውቅም፤ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል። ስለ እርስዎ የጻፍኩትም አለበት፣ ይለፉኝ። «እንዲህ ያለውን ስንቱን ሸኝቻለሁ» ያሉኝ ቀን ስንት ናቸው ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት። ከረቡዕ ወዲህ እርስዎም የሚቆጥሩ ይመስለኛል። የሚቀጥለውን ገጽ ባዶ ትቼልዎታለሁ። የሚያስታውሷቸውን ስም ይጻፉልኝ፤ በመስኮት ምን ያዩ እንደነበርም ትዝ ካለዎት ይጨምሩበት። ሁሉንም በአንዴ አይደለም። እፍኝ እፍኝ።